ከሥርዓተ ፀሐይ እስከ ጋላክሲ

ሥነ ፈለክ ወይም አስትሮኖሚ የሰማይ አካላትን ምንነት፣ እንቅስቃሴና ርቀት የሚያጠና ሳይንስ ነው። ሰማይን በዐይን ብቻ ስናየው ጨረቃም፣ ፕላኔትም፣ ኮከብም አንድ ጣሪያ ላይ የተለጠፉ ይመስላሉ። የትኛው ቅርብ፣ የትኛው ሩቅ እንደሆነ መለየት የሥነ ፈለክ ሊቃውንትን ለብዙ ዘመን ያደከመ ሥራ ነበር።

ንጋት ላይ በምሥራቅ ደምቃ የምትታየውን የአጥቢያ ኮከብ እንውሰድ። ስሟ ኮከብ ይሁን እንጂ ቬነስ የተባለችው ፕላኔት ናት። የራሷ ብርሃን የላትም፤ የፀሐይን ታንጸባርቃለች። ትኩር ብላችሁ ብታዩአት እንደ ከዋክብት ብዙም ብልጭ ድርግም አትልም። ከዋክብት እጅግ ስለሚርቁ እንደ ነጥብ ይታያሉ፤ የአየር መናወጥም ብርሃናቸውን በቀላሉ ያርገበግበዋል።

ሥርዓተ ፀሐይ ፀሐይንና በስበቷ የያዘቻቸውን አካላት ሁሉ ያጠቃልላል። ከጠቅላላው ቁስ 99.8 በመቶ ያህሉ ያለው በፀሐይ ውስጥ ነው። ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ መሬትና ማርስ ዐለታማ ናቸው፤ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስና ኔፕቱን ደግሞ ግዙፎቹ ናቸው። ፕሉቶ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የሚመደበው ከድንክ ፕላኔቶች ጋር ነው።

የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕሎች ፕላኔቶችን ጎን ለጎን ስለሚደረድሩ ርቀቱን ይሰውሩታል። ፀሐይን 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላት ኳስ እናድርጋት። መሬት 11 ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ የማትሞላ የአሸዋ ቅንጣት ትሆናለች። ኔፕቱን 320 ሜትር ያህል ይርቃል። ጨረቃ ከመሬት የምትርቀው 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሰው ልጅ እስካሁን ተጉዞ ያረፈበት ርቀት ይኸው ነው። ከፀሐይ ቀጥሎ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ግን 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል! በእውነተኛው ልክ ብርሃን ከፀሐይ እኛ ዘንድ በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ሲደርስ ከዚያ ኮከብ 4.2 ዓመት ይፈጅበታል።

ፀሐይም ራሷ ኮከብ ናት። 15 ሚሊዮን ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ እምብርቷ ሃይድሮጅን ተዋሕዶ ሂሊየም ሲሆን ጉልበት ይወጣል። የኮከብ ዕድሜ የሚወሰነው በክብደቱ ነው። ከባዶቹ ነዳጃቸውን ቶሎ ይጨርሱና በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይፈነዳሉ፤ የፀሐይ ሃይድሮጅን ግን ገና 5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ያቆያታል። ቀለማቸውም ሙቀታቸውን ይናገራል፤ ቀያዮቹ ቀዝቀዝ ያሉት፣ ሰማያዊዎቹ እጅግ የጋሉት ናቸው።

ፀሐይ የምትገኝበት ጋላክሲ፣ ማለትም በስበት የተያያዘ ግዙፍ የከዋክብት ስብስብ፣ ፍኖተ ሐሊብ ወይም ሚልኪ ዌይ ይባላል። ስፋቱ 100,000 የብርሃን ዓመት (አንዱ ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው) ገደማ ሲሆን ከ100 ቢሊዮን የማያንሱ ከዋክብት አሉት። አንድሮሜዳ የተባለው ደብዛዛ ብርሃን የዚሁ ክፍል ነው ወይስ ሌላ ጋላክሲ? ክርክሩ ረጅም ነበር። የሥነ ፈለክ ሊቋ ሄንሪዬታ ሌቪት እ.ኤ.አ. በ1912 ሴፌይድ የተባሉት ከዋክብት የሚደምቁበትና የሚደበዝዙበት ዑደት በረዘመ ቁጥር እውነተኛ ድምቀታቸውም እንደሚበልጥ አሳየች፤ እውነተኛው ድምቀት ከሚታየው ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ርቀቱ ይታወቃል። በእኔ ግምት ከዚህ የሚልቅ ግኝት በዘርፉ ጥቂት ነው፤ ለጠፈር ሜትር ሰጥቶታልና። ሌላው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በ1923 አንድሮሜዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ኮከብ አገኘና ርቀቱን አሰላ። አንድሮሜዳ ራሱን የቻለ ጋላክሲ ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ርቀቱ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ እንደሆነ ይታወቃል። ጨረቃ በሌለችበት ጨለማ ሌሊት ያለ መሣሪያ ይታያል። በቀጥታ ሲያዩት ይጠፋል፤ ዐይንን ወደ ጎን ፈቀቅ ሲያደርጉ ግን ሞላላ ጭጋግ መስሎ ብቅ ይላል።