«ከባዱን አብረን በትከሻ፣ ቀላሉን አብረን በእጅ»፦ የኢንዶኔዥያ መንግሥታት የቆሙበት አባባል

በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ትንሽ ትልቁ የሚያውቀው አባባል አለ፦ «በራት ሳማ ዲፒኩል፣ ሪንጋን ሳማ ዲጂንጂንግ»። ሲፈታ «ከባዱን አብረን በትከሻ እንሸከም፣ ቀላሉን አብረን በእጅ እናንጠልጥል» ማለት ነው። የእኛው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የቅርብ ዘመዱ ነው። የእነሱ ግን ቀላሉንም ጭነት ይጠቅሳል። በመከራ ብቻ ሳይሆን በደስታና በትርፍም አንለያይ ይላል። ፖለቲከኞች አባባሉን ሲጠቅሱ ብዙ ጊዜ ከእጃቸው የሚያመልጠው ይህ ሁለተኛው ግማሽ ነው።

«ፒኩል» ጭነትን በትከሻ መሸከም ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀርከሃ ዘንግ ሁለት ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ። ከዚሁ ቃል የወጣ የክብደት መለኪያም ነበረ፦ አንድ ፒኩል 100 ካቲ ሲሆን በኔዘርላንድስ ቅኝ ግዛት ስሌት 61.76 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ አንድ ጎልማሳ ትከሻው ይችለዋል ተብሎ የተገመተ ጭነት ነው። «ጂንጂንግ» ደግሞ እንደ ዘንቢል በእጅ ይዞ መሄድ ነው። በምዕራብ ሱማትራ ያሉት ሚናንግካባዎች በራሳቸው ቋንቋ «ባረክ ሳሞ ዲፒኩዋ፣ ሪንጋን ሳሞ ዲጂንጂያንግ» ይሉታል። አባባሉ ብዙ ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ «ኮረብታውን አብረን እንውጣ፣ ሸለቆውን አብረን እንውረድ» የሚለው ይከተለዋል።

ይህን ሐሳብ ወደ ፖለቲካ ያስገባው «ጎቶንግ ሮዮንግ» የሚለው ስያሜ ነው። «ጎቶንግ» ብዙ ሆኖ አንድን ከባድ ነገር ማንሳት ሲሆን «ሮዮንግ» ቤት እንዲመታ የተከተለ ይመስላል። የአገሪቱ ስመ ጥር አንትሮፖሎጂስት ኮንጃራኒንግራት እንዳመለከቱት ቃሉ በጥንታዊ የጃቫ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም። ድርጊቱ ጥንታዊ ነው፤ ስያሜው ግን የቅርብ ዘመን ነው። ከጥንት የወረስነው እየተባለ በየመድረኩ የሚነገርለት ቃል መሆኑን ስናስብ ነገሩ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

በመንደር ደረጃ ሁለት ዓይነት ሥራ በዚህ ስም ይጠራል፤ የፖለቲካው ጨዋታ በሙሉ የተሸሸገው በሁለቱ መካከል ነው። አንደኛው ጃቫዎች «ሳምባታን» የሚሉት ነው። ቤት የሚሠራ ሰው ጎረቤቶቹን ይጠራል፤ ወንዶቹ የጣሪያውን ማገር ያነሳሉ፣ ሴቶቹ ያበስላሉ። ደመወዝ የለም። ሻይ፣ ምሳና ሲጋራ ከባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ብድር ገብቷል፤ ነገ ከመጡት አንዱ ሲጠራው እምቢ ማለት አይችልም። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ ሁሉም ያስታውሳል። የእኛን ወንፈል የሚያውቅ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። ሁለተኛው «ከርጃ ባክቲ» ነው፦ መንገድ መጥረግ፣ ቦይ መቆፈር፣ ድልድይ መጠገን። ጠሪው የመንደሩ ሹም ነው። የቀረ ሰው ምትክ ይልካል ወይም ቅጣት ይከፍላል። ብድሩን የሚመልስ ግለሰብ ግን የለም፤ ሹሙ ተራው ደርሶት ዶማ ይዞ ወደ ቤትህ አይመጣም። መንግሥት ሁለተኛውን ሥራ በአንደኛው ስም በጠራ ቁጥር ግዴታው የጉርብትና ፍቅር ይመስላል፤ እምቢ ያለም ሹሙን ሳይሆን ጎረቤቱን እንደከዳ ይቆጠራል።

ይህን አቅም ቀድመው ከተጠቀሙት መካከል ጃፓኖች ይገኙበታል። ጃቫን በያዙበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1944 መጀመሪያ (ከዚህ በኋላ ያሉት ቀኖችና ዓመታትም እንዲሁ የጎርጎርዮስ ናቸው)፣ ከ10 እስከ 20 አባወራ የሚይዙ የጎረቤት ማኅበራትን አደራጁ። ሩዝ የሚሰበሰበውና ሠራተኛ የሚመለመለው በእነዚህ በኩል ነበር። የዛሬው «ሩኩን ተታንጋ» የሚባለው የጎረቤት ማኅበር ከዚያ የቀጠለ ነው።

በኋላ የአገሪቱ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት የሆኑት ሱካርኖ ቃሉን ወደ መንግሥት መሠረትነት ያወጡት በዚሁ ድባብ ውስጥ ነው። የነፃነት ዝግጅት መርማሪ ኮሚቴው ሰብሳቢ ራጂማን ወዲዮዲኒንግራት «የምንመሠርተው አገር በምን ላይ ይቆማል?» ብለው ጠይቀው ነበር። ሱካርኖ ሰኔ 1 ቀን 1945 ተነሥተው አምስት መርሆችን ዘረዘሩ፤ ስማቸውንም ፓንቻሲላ አሉት። አምስት የበዛበት ካለ ወደ ሦስት አጠበቧቸው። ሦስቱም ከበዙ ወደ አንድ፦ «አምስቱን ወደ ሦስት፣ ሦስቱን ወደ አንድ ብጨምቅ፣ አንድ እውነተኛ የኢንዶኔዥያ ቃል አገኛለሁ፤ እርሱም ጎቶንግ ሮዮንግ ነው»።

የንግግሩን አሠራር ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ከአንድ ቀን በፊት ሱፖሞ የተባሉት የሕግ ሊቅ አገሪቱን እንደ አንድ ቤተሰብ የሚያይ ሥርዓት አቅርበው ነበር። ሱካርኖ ጎቶንግ ሮዮንግ «ከቤተሰብነት ይልቅ ተንቀሳቃሽ ነው» አሉ። ቤተሰብ አባት አለው፣ ዝም ብሎም ይኖራል፤ ጎቶንግ ሮዮንግ ግን ሥራ ነው። ቀጥለው ማን ከማን ጋር እንደሚሸከም ቆጠሩ፦ ሀብታሙ ሀብታም ካልሆነው፣ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ፣ ነባሩ ኢንዶኔዥያዊ ከመጤ ትውልዱ። በዚሁ የንግግሩ ክፍልም የጃቫ የጉልበት ሠራተኞች ከባድ ዕቃ ሲጎትቱ የሚያሰሙትን «ሆሎፒስ ኩንቱል ባሪስ» የሚለውን ጩኸት አሰሙ። በሰልፍ የሚሄዱ ነጫጭ ወፎችን የሚጠራው ይህ ጩኸት የሁሉም ጉልበት በአንድ ቅጽበት ገመዱ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። ገና ሕገ መንግሥትም ምርጫም ያልነበረው አገር ቅቡልነቱን ከዚህ የሥራ ዜማ ተበደረ። በእኔ ግምት በዚያ ዘመን ከተደረጉት የፖለቲካ ንግግሮች እጅግ ብልሃተኛው ይህ ነው።

የቃሉ አጠቃቀም የተጣመመው ከምርጫ በኋላ ነው። በመስከረም 1955 በተደረገው የፓርላማ ምርጫ የብሔርተኞቹ ፓርቲ 22.3 በመቶ፣ የሙስሊም ፓርቲዎቹ ማሹሚ 20.9 እና ናህዳቱል ኡላማ 18.4፣ ኮሙኒስቶች 16.4 በመቶ አገኙ። አሸናፊ የለም፤ ካቢኔዎች በየጊዜው ይፈርሳሉ። የካቲት 21 ቀን 1957 ሱካርኖ «የጎቶንግ ሮዮንግ ካቢኔ» ሐሳብ አቀረቡ፦ አራቱም ትልልቅ ፓርቲዎች፣ ኮሙኒስቶቹም ጭምር፣ አብረው ይሸከሙ። እስከዚህ ድረስ አባባሉ ቢያንስ ጥሪ ነበር። በመጋቢት 1960 ግን የተመረጠው ፓርላማ የመንግሥትን በጀት ሲቃወም በትእዛዝ በተኑት፤ በሰኔም በራሳቸው ሹመት ሌላ ፓርላማ አቋቋሙ። ስሙ «የጎቶንግ ሮዮንግ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት» ሆነ። ከ283ቱ መቀመጫዎች 130 ለፓርቲዎች፣ 152 ጦሩን ጨምሮ ለሙያና ለሥራ ዘርፍ ቡድኖች፣ 1 ለምዕራብ ኢሪያን (ለዛሬው የኢንዶኔዥያ ፓፑዋ) ተሰጠ። ከአምስት ዓመት በፊት ከመራጩ አንድ አምስተኛውን ያገኘው ማሹሚ አንድም አልደረሰውም። ውሳኔ በድምፅ ብልጫ ሳይሆን በምክክርና በስምምነት ይሆናል ተባለ፤ ስምምነት ከጠፋ ጉዳዩ ወደ ፕሬዝዳንቱ ይሄዳል። ጥሪውን እምቢ የማለት መብት ሲወሰድ በስሙ የቀረው ቤት መምቻው ብቻ ነው።

ሞሐመድ ሃታ ይህን ቀድመው አይተውታል። የሱካርኖ የነፃነት አዋጅ አጋር የነበሩት ሃታ በ1956 ማብቂያ ከምክትል ፕሬዝዳንትነት ለቀቁ፤ በ1960 አዲሱን ሥርዓት የሚተች ጽሑፍ ሲያወጡ ጽሑፉን ያተመው መጽሔት ተዘጋ። ሃታ የሚናንግካባ ሰው ናቸው፤ በዚያ አገር «ውኃ የሚከበው በቀርከሃው ቧንቧ፣ ቃል የሚከበው በስምምነት» ይባላል። ስምምነቱ የሚገኘው ግን ሁሉም ከተናገረ በኋላ ነው።

ከሱካርኖ ቀጥለው ፕሬዝዳንት የሆኑት ሱሃርቶ ንግግር አይወዱም ነበር። ቃሉን ከመድረክ አውርደው ወደ በጀትና ደንብ አስገቡት። ከ1969 ጀምሮ ለእያንዳንዱ መንደር በዓመት 100,000 ሩፒያ የልማት ድጎማ ይሰጥ ጀመር። ገንዘቡ ለሲሚንቶና ለቆርቆሮ ይሆናል፤ ጉልበቱን መንደሩ በጎቶንግ ሮዮንግ ይሸፍናል። በሪፖርት ላይ ጉልበቱ «የሕዝብ ድጋፍ» ተብሎ ይቆጠራል። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ፦ ሰው ሳይከፈለው መሥራቱ መንግሥትን የመደገፉ ማስረጃ ሆነ። በ1979 የወጣው የመንደር አስተዳደር ሕግ ቁጥር 5 የመንደሩ ሹም የጎቶንግ ሮዮንግን መንፈስ «እንዲያሳድግ» በአንቀጽ 10 ግዴታ ጣለበት። በዚያው ሕግ ከሱማትራ እስከ ፓፑዋ ያሉ ልዩ ልዩ የመንደር ሥርዓቶች በአንድ ቅርጽ ተተኩ። የየአካባቢው የእርስ በርስ መረዳጃ ልማድ የቆመበትን ድርጅት ያፈረሰ ሕግ መንፈሱን እንዲያሳድጉ ማዘዙ የዘመኑ ጠባይ ነበር።

ሱሃርቶ በ1998 ከሥልጣን ሲወርዱ ቃሉም አብሯቸው ይወድቃል ብሎ የጠበቀ ተሳሳተ። የሱካርኖ ልጅ ሜጋዋቲ በ2001 ሥልጣን ሲይዙ ካቢኔያቸውን «ጎቶንግ ሮዮንግ» ብለው ሰየሙት። ይበልጥ የሚያስተምረው ግን የጤና መድኑ ጉዳይ ነው። ጥር 1 ቀን 2014 የተጀመረው አገር አቀፍ የጤና መድን መፈክሩ «በጎቶንግ ሮዮንግ ሁሉም ይረዳል» የሚል ነው። ለመድን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አይገኝም፤ ጤነኛው ለታመመው ይከፍላልና። ችግሩ ድርጅቱ ኪሳራ ውስጥ ሲገባ መጣ። ከጥር 2020 ጀምሮ የአንደኛ ደረጃ ወርኃዊ መዋጮ ከ80,000 ወደ 160,000፣ የሁለተኛው ከ51,000 ወደ 110,000፣ የሦስተኛው ከ25,500 ወደ 42,000 ሩፒያ አደገ። ጭማሪውን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የከሰሰው የኩላሊት እጥበት ታማሚዎች ማኅበር ነው፤ ከመረዳዳቱ እጅግ የሚጠቀሙት ሰዎች ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ ጭማሪውን ሻረ። መንግሥት ከሐምሌ ጀምሮ ጥቂት ዝቅ አድርጎ፣ ለሦስተኛው ደረጃም ድጎማ ጨምሮ መለሰው።

በ2021 ደግሞ «የጎቶንግ ሮዮንግ ክትባት» መጣ። ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸውና ለቤተሰቦቻቸው የኮቪድ ክትባት ይገዛሉ፤ ተከታቢው አይከፍልም። ዋጋው በአንድ ዶዝ 321,660 ሩፒያ፣ ማስከተቢያው እስከ 117,910፣ በድምሩ 439,570 ነበር። ግንቦት 18 ሲጀመር ስሙ ብዙ ቅር አላሰኘም፤ ባለ ገንዘቡ የሌላውን ጭነት እየተሸከመ ነውና። በሐምሌ ግን ሆስፒታሎች በዴልታ ዝርያ ታማሚዎች በተጨናነቁበት ሰሞን ያው ክትባት በመንግሥት የመድኃኒት ኩባንያ ቅርንጫፎች ለግለሰብ ሊሸጥ ነው ተባለ፤ ለሁለት ዶዝ 879,140 ሩፒያ። ሕዝቡ ጮኸ። ለራሱ ከፍሎ ለራሱ የሚከተብ ሰው ከማን ጋር ነው የሚሸከመው? ሽያጩ ሳይጀመር ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ሐምሌ 16 ፕሬዝዳንት ጆኮ ዊዶዶ ሰረዙት። የቃሉ ጉልበት እስከ ምን እንደሚደርስ በአምስት ቀን ውስጥ የታየበት ሌላ አጋጣሚ አላውቅም።

በ2020 ፓርላማው ያዘጋጀው የፓንቻሲላ ርዕዮተ ዓለም ረቂቅ ሕግም በዚሁ ቃል ተሰናከለ። የሱካርኖን «ሦስቱ፣ ከዚያም አንዱ» አንቀጽ አድርጎ ሲያስገባ የሙስሊም ድርጅቶች ከአምስቱ መርሆች አንዱን ጠቅሰው «በአንድ አምላክ ማመን እንዴት ወደ ጎቶንግ ሮዮንግ ይጨመቃል?» ብለው ተነሡበት። ሱካርኖ በ1945 ያነሡትን ቃል የሕግ አንቀጽ ሲያደርጉት መንግሥት በሰኔ ወር ውይይቱን አዘገየው።

ዛሬ አባባሉ በብዛት የሚሰማው ጥምር መንግሥት ሲመሠረት ነው። ጆኮ ዊዶዶ በ2014ም በ2019ም ያሸነፏቸውን ፕራቦዎ ሱቢያንቶን በጥቅምት 2019 የመከላከያ ሚኒስትር አደረጓቸው። በዚያው ሰሞን በኢንዶኔዥያ እንደ ሌሎች አገሮች ያለ ተቃዋሚ የለም፤ ዴሞክራሲያችን የጎቶንግ ሮዮንግ ዴሞክራሲ ነው የሚል ሐሳብ ሰጡ። ከ575 የፓርላማ መቀመጫዎች 427ቱ በመንግሥት ጎን ነበሩ። አንድ ዓመት ሳይሞላ፣ ጥቅምት 5 ቀን 2020፣ የሥራ ስንብት ክፍያንና የአካባቢ ጥበቃን ጨምሮ በርካታ ሕጎችን የሚቀይረው የሥራ ፈጠራ ሕግ ለድምፅ ቀረበ። ከዘጠኙ ፓርቲዎች የተቃወሙት ሁለት ብቻ ናቸው፤ በድምሩ 104 መቀመጫ። ሠራተኞችና ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ኅዳር 25 ቀን 2021 ሕጉ የወጣበት ሥርዓት ጉድለት አለበት አለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ሕዝቡ በዝግጅቱ በቂ ተሳትፎ አላደረገም የሚል ነበር። ለማረሚያ ሁለት ዓመት ተሰጠ። መንግሥት በታኅሣሥ 2022 መጨረሻ ሕጉን በአስቸኳይ ጊዜ ድንጋጌ ተካው፤ ፓርላማው በመጋቢት 2023 አጸደቀው።