በባዶ እግር መሄድ፦ የሚወራውና እውነታው

ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ጫማ አውልቆ ሣር መርገጥን የመሰለ ነገር የለም። ቅዝቃዜው ከተረከዝ ይጀምርና እስከ ባት ይወጣል። በጫማ ተጨብጠው የዋሉ ጣቶች ይፍታታሉ። ይህን ነገር ከልቤ ስለምወደው ነው የተጋነነው ወሬ የሚያሳስበኝ። አንዱ «ለሁሉም በሽታ መድኃኒት ነው» ይላል፤ ሌላው «እግርህን ትጨርሰዋለህ» ብሎ ያስፈራራል።

«ከመሬት የሚገባው ኤሌክትሪክ በሽታ ያድናል»

ይህን «ኧርዚንግ» ወይም «ግራውንዲንግ» ይሉታል። ቆዳችን መሬት ሲነካ ኤሌክትሮኖች ወደ ሰውነታችን ገብተው ሕመምን ያጠፋሉ ነው ነገሩ። ሰውነት ከመሬት ጋር በኤሌክትሪክ መገናኘቱ እውነት ነው። ከዚያ ተነስቶ «በሽታ ይድናል» ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እስካሁን የተሠሩት ጥናቶች ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያሳተፉ ናቸው። አንዳንዶቹን የሠሩት ደግሞ ለዚሁ ተብሎ የተሠራውን፣ ከመሬት ጋር በሽቦ የሚገናኝ አንሶላ ከሚሸጡት ጋር የጥቅም ግንኙነት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሣር ላይ ተራምዳችሁ ስትመለሱ ቀለል ካላችሁ ደስታው እውነተኛ ነው። ተንቀሳቅሳችኋል፣ ንጹሕ አየር አግኝታችኋል፣ ስልካችሁን ለትንሽ ጊዜ ረስታችኋል። ለዚህ ሽቦ ያለው አንሶላ መግዛት አያስፈልግም።

«ቀዝቃዛ መሬት የረገጠ ጉንፋን ይይዘዋል»

ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ የሚተላለፈው ከሰው ነው። እግር ከደነዘዘ ግን ጫማ አድርጉ፤ የደነዘዘ እግር መቆረጡንም አያውቅም።

«ቆዳው ከደደረ እግር ስሜቱን ያጣል»

እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 «ኔቸር» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ተመራማሪዎቹ ኬንያ ውስጥ ጫማ የሚያዘወትሩና ባዶ እግራቸውን የሚሄዱ ሰዎችን አነጻጸሩ። ባዶ እግራቸውን የሚሄዱት ቆዳቸው ወፍራም ነበር፤ ስሜታቸው ግን አልቀነሰም። ምክንያቱ ደስ ይላል። የደደረ ቆዳ ጠንካራ ስለሆነ ከመሬት የሚመጣውን ግፊት ከሥሩ ላሉት ነርቮች ያሳልፋል። ለስላሳ የጫማ ሶል ግን ውጦ ያስቀረዋል።

«ልጅ ያለ ጫማ ከሄደ እግሩ ጠፍጣፋ ይሆናል»

ሕንድ ውስጥ 2,300 ሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ጥናት ተቃራኒውን ነው ያገኘው። ጫማ ከሚያደርጉት መካከል ጠፍጣፋ እግር የታየባቸው 8.6 በመቶ ሲሆኑ፣ ከማያደርጉት ደግሞ 2.8 በመቶ ብቻ ናቸው። አንድ እግር 26 አጥንቶችና 33 መገጣጠሚያዎች አሉት። ይህ ሁሉ የተሠራው ለመንቀሳቀስ ነው።

«ተፈጥሯዊ ስለሆነ ዛሬውኑ ጫማ መጣል ይቻላል»

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚጎዳው። እኔ ራሴ በመጀመሪያው ቀን አሸዋ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሄጄ ለሦስት ቀን ባቴን ይዤ አነከስኩ። አሸዋ ለስላሳ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከጠንካራ መሬት ከሁለት እጥፍ በላይ ጉልበት ይበላል። በ5 ወይም በ10 ደቂቃ ጀምሩ። ባትና ተረከዝ እስኪለምዱ ሳምንታት ይፈጃል። አጥንት ደግሞ ከጡንቻም ይዘገያል፤ ከተቻኮላችሁ የመሰንጠቅ አደጋ አለው።

ብዙ ሰው አበበ ቢቂላን ያነሳል። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ባዶ እግሩን ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ አሸንፏል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰን ነበሩ። ሰውየውን ለድል ያበቃው ሥልጠናው ነው።

«አፈር ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም»

ይጎዳል፤ የትኛው አፈር እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰው ሜዳ ላይ በሚጸዳዳበት እርጥብና ሞቃት ቦታ ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትል ዕጭ ይኖራል። ዕጩ ብዙ ጊዜ በጣቶች መካከል ቆዳ በስቶ ይገባል። በደም ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ወደ ጉሮሮ ይወጣል፣ ከዚያ ተውጦ አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል። በደጋማ ቦታዎች ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የመጣ ቀይ አፈርን ለዓመታት ባዶ እግር መርገጥ እግርን የሚያሳብጠውን የዝሆኔ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ቴታነስን ብዙ ሰው ከዛገ ምስማር ጋር ያያይዘዋል። ዝገቱ አይደለም። ጀርሙ የሚኖረው አፈርና ፍግ ውስጥ ነው፤ እሾህም ይዞት ይገባል። ክትባታችሁ 10 ዓመት ካለፈው አሳድሱት።

ስኳር ኖሮበት የእግሩ ስሜት የቀነሰ ሰው ቤት ውስጥም ቢሆን ባዶ እግሩን አይሂድ። ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምለው። የማይሰማ ትንሽ ቁስል እግር እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል።

ሌሎቻችሁ ስትመለሱ እግራችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በጣቶች መካከልም አድርቁ። ከዚያ ብርሃን ያለበት ቦታ ተቀምጣችሁ ውስጥ እግራችሁን ገልብጣችሁ እዩት።