ደሴና ኮምቦልቻ፦ ትምህርት ቤቱ እዚህ፣ ፋብሪካው እዚያ

ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብሎ ነው። ብርዱ ለደሴ፣ ሜዳው ለኮምቦልቻ ደረሰ።

የደሴ ትልቁ ሀብት ትምህርት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የተሰየመው በንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ በእቴጌ መነን እናት ነው። የወሎ ገጠር ልጅ ከፍ ያለ ክፍል ሲደርስ ወደ ደሴ ይመጣል። ሦስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ከቤት በሶና ድርቆሽ በገበያተኛ እጅ ይላክላቸዋል፣ ያለቀ ቀን ደግሞ ከጉልት ሽንኩርትና በርበሬ ተገዝቶ ሽሮ ይሠራል። ባለቤቷ የሞተባት እናት በዚህ ኪራይ ልጆቿን ታሳድጋለች። ትምህርት ቤት ከተማ ያቆማል ስንል ይሄንን ነው። የተማሪዎች ንቅናቄ ታጋዩ ዋለልኝ መኮንንም የስህን ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በጻፈው የሚኮራም የሚበሳጭም ሞልቷል። አሁን የትምህርት ቤቱን ስም የያዘው ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ነው፤ የድሮ ተማሪዎች ግን ዛሬም «ስህን» ብቻ ነው የሚሉት።

ኮምቦልቻን ያሳደገው መንገድ ነው። የአሰብ መንገድ የሚገነጠለው እዚያ ነበርና፣ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ ወደቡ ሲዘጋ ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። ጨርቃ ጨርቁ የደርግ ዘመን ሥራ ነው። ቆዳው፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱም አለ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ተመረቀ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፦ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር 27 ድረስ ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ ፋብሪካም ዩኒቨርሲቲም ተዘረፈ። በቀጣዩ ወር ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ማለትም ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከሚያስገባው ዕድል፣ አስወጣች፤ ልብስ ሰፍቶ ወደዚያ ለሚልክ ፋብሪካ ይሄ በቁስል ላይ እንጨት ነው።

ሁለቱን በደንብ ያስተሳሰረው በ1999 የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ። የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የሚማር ልጅ ማሽኑን ለማየት ሩቅ መሄድ የለበትም። እዚያው ከተቀጠረ ቤት ይከራያል፣ ወይም ማታ በሚኒባስ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ ይገባል። ካልተቀጠረ አዲስ አበባ ነው። ደሴ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ ፎቅ ሠርቶ ሥሩን ለሱቅ ማከራየት ይቀናዋል፤ ያስተማርናቸውን ልጆች የሚቀጥር ፋብሪካ ግን በሱቅ ኪራይ አይተከልም።