አናኮንዳ፦ የዘንዶው ፊልም አሠራርና የድሬ ቪዲዮ ቤቶች

«አናኮንዳ» ሚያዝያ 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1997) በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረ የአውሬ ፊልም ነው። ለማስፈራት ተሠራ፤ ሰው ግን እየፈራም እየሳቀም አየው። በቪዲዮ ቤት ዘመን ድሬዳዋ ያደገ ሰው አናኮንዳን አላውቅም ቢል ማንም አያምነውም።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ የዘጋቢ ፊልም ቡድን ሺሪሻማ የሚባል ሕዝብ ፍለጋ በአማዞን ወንዝ ላይ በጀልባ ይጓዛል። መንገድ ላይ ሴሮን የሚባል እባብ አዳኝ ያሳፍራሉ። የሴሮን ሐሳብ ሌላ ነው። ግዙፉን ዘንዶ፣ አናኮንዳን፣ በሕይወት መያዝ ይፈልጋል። ከዚያ ወዲያ የጀልባው ተሳፋሪ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል።

ዳይሬክተሩ የፔሩ ተወላጁ ሉዊስ ሎሳ ነው። ጄኒፈር ሎፔዝ፣ አይስ ኪዩብ፣ ጆን ቮይት፣ ኤሪክ ስቶልዝና ያኔ ገና ብዙ ያልታወቀው ኦወን ዊልሰን ተውነውበታል። ካሜራውን የመራው ቢል በትለር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የሻርክ ፊልም «ጆውስ»ንም የቀረጸው እሱ ነው። ውሃ ላይ፣ በማሽን ከሚንቀሳቀስ አውሬ ጋር መሥራት ለእሱ አዲስ አልነበረም። ቀረጻው ብራዚል ውስጥ በአማዞን አካባቢ፣ ከፊሉ ደግሞ ሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለ የዕፅዋት ማዕከል ተካሄደ።

የፊልሙ ነፍስ ያለው ዘንዶው ላይ ነው። አንዱ ዘንዶ በኮምፒውተር የተሳለ ነው። ሌላው በሞተር የሚንቀሳቀስ፣ በእጅ የሚዳሰስ አካል ነው፤ ትልቁ 12 ሜትር ገደማ ይረዝማል። የሠራው የዎልት ኮንቲ ቡድን ነው። ይኸው ሰው ቀደም ሲል «ፍሪ ዊሊ» ለተባለው ፊልም ሰው ሠራሽ ዓሣ ነባሪ ሠርቷል። ሁለቱን ዘንዶዎች ለይቶ ማየት ከባድ አይደለም። የኮምፒውተሩ ይፈጥናል፤ ክብደት ግን የለውም። እውነተኛው አካል ሲጠመጠም ልብስ ይጨማደዳል፣ ተዋናዩ ቆዳውን ጨብጦ ይታገላል። እኔ እስከ ዛሬ የምወደው ይህን ሁለተኛውን ነው። ፍርሃቱ የሚመጣው ከዚያ ክብደት ነው።

አንዱን ትዕይንት ብቻ ልንገራችሁ። ዘንዶው ሴሮንን ሲውጥ ካሜራው ጉሮሮው ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ ያያል። ቆየት ብሎ ዘንዶው ይተፋዋል። ሰውየው በዝልግልግ ተለውሶ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ለጄኒፈርም በአንድ ዓይኑ ይጠቅሳታል! ሴሮንን ሆኖ የሚጫወተው ጆን ቮይት ይህን ሁሉ ምንም ሳያፍር፣ አፉን አጣሞ፣ በሙሉ ልቡ ነው የተወነው። ፊልሙን ያቆመው እሱ ነው ብል አላጋነንኩም።

ስህተትም ሞልቶታል። ጀልባዋ በምትሄድበት አንድ ቦታ ላይ ምስሉ ወደ ኋላ ስለተጫወተ ፏፏቴው ከታች ወደ ላይ ይወጣል። እውነተኛው አናኮንዳ አይጮህም፤ የዋጠውን ተፍቶም እንደገና ለማደን አይሄድም። ርዝመቱም ከፊልሙ በብዙ ያንሳል። መርዝ የለውም፤ የሚገድለው ጠምጥሞ የደም ዝውውርን በማቆም ነው።

ወደ ድሬ እንምጣ። ያኔ ከጅቡቲ በሚመጣው ባቡር የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በቀላሉ ይገባባት ለነበረች ከተማ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ማጫወቻ ብርቅ አልነበሩም። ቪዲዮ ቤት ማለት አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ መስኮቱ በጨርቅ የተሸፈነ ጠባብ ክፍል ነበር። የቆርቆሮ ጣሪያው የድሬን ፀሐይ ይዞ ይቆይ ነበር። የፊልሙ ስም በር ላይ በጠመኔ ይጻፍ ነበር፤ ድምፁ ውጭ ድረስ ስለሚሰማ ሳንቲም የሌለው ልጅ ግድግዳው ሥር ቆሞ ይሰማ ነበር። ትርጉም አልነበረም። እንግሊዝኛ የሚችል፣ ወይም ፊልሙን ቀድሞ ያየ፣ ለሌላው ይተርክ ነበር። «አቦ ዝም በል!» የሚለውም አይጠፋም ነበር።

የቪዲዮ ቤት ሕግ አንድ ነበር፦ አክተሩ፣ ማለትም የፊልሙ ዋና ጀግና፣ አይሞትም። አናኮንዳ ይህን ሕግ በጣም ፈተነው። አክተር ይመስል የነበረው ኤሪክ ስቶልዝ ገና በጊዜ ጉሮሮው ውስጥ በተርብ ተነድፎ አብዛኛውን ፊልም ተኝቶ ያሳልፋል። ሥራውን የሚሠሩት ጄኒፈርና አይስ ኪዩብ ናቸው። ተመልካቹ አክተሩ ማን እንደሆነ ይከራከር ነበር። ዘንዶው ግን ለማንም እንግዳ አልነበረም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ ሲወጋ በሥዕል ያላየ፣ ወይም የአርዌን ተረት ያልሰማ ማን አለ?

ለፊልሙ 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣበት። በዓለም ዙሪያ ከ130 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በአሜሪካ ሲወጣ በገቢ አንደኛ ነበር። ብዙ ሃያሲ ወረደበት፤ ለመጥፎ ፊልሞች በሚሰጠው የራዚ ሽልማትም ታጨ። ታዋቂው ሃያሲ ሮጀር ኢበርት ግን ከአራት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጠው። እኔ ከኢበርት ጎን ነኝ።

ተከታዮቹ ብዙ አያስኬዱም። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ታሪኩን ወደ ቦርኒዮ ወሰደው፤ አናኮንዳ ደግሞ በተፈጥሮ የሚኖረው ደቡብ አሜሪካ ነው። በ2008 እና በ2009 የወጡት ሁለቱ ሩማንያ ውስጥ ለቴሌቪዥን በርካሽ የተሠሩ ናቸው። ዘንዶው ሙሉ በሙሉ ማለት ይቻላል የኮምፒውተር ሥዕል ሆነ። ፊልሙን አሁን ማየት የፈለገ የ1997ቱን፣ ጄኒፈር ያለችበትን ይፈልግ።