የሁለተኛ ደረጃ የማኅበራዊ ሳይንስ መምህራን ሥልጠናና የማስተማሪያ መሣሪያዎች በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች «ሶሻል» በሚል አንድ ስም የሚጠራው ዘርፍ አራት የተለያዩ ትምህርቶችን ይይዛል፤ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ ኢኮኖሚክስና የዜግነት ትምህርት። የመጨረሻው ቀደም ሲል ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ይባል የነበረው ነው። ታሪክና ጂኦግራፊ ተጠቃለው «ማኅበራዊ ሳይንስ» ተብለው የሚሰጡት በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ሲሆን፣ ከ9ኛ ጀምሮ እያንዳንዱ የራሱ መጽሐፍና የራሱ መምህር አለው። ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ይፈልጋል፣ ለሶሻል ግን ጠመኔና መጽሐፍ ይበቃዋል የሚል አስተያየት በጀት ሲደለደልም ሥልጠና ሲታቀድም ያጋጥማል። የሶሻል መምህር ግን ካርታ፣ ቀን፣ ሰነድና ቁጥር የሚባሉ መሣሪያዎች አሉት። አያያዛቸውን ያልተማረ መምህር እንደ ተሰበረ ማይክሮስኮፕ ይጠቀምባቸዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለሁለተኛ ደረጃ መምህር የመጀመሪያ ዲግሪ ግድ አደረገ። በ1996 ዓ.ም. የተጀመረውና በአጭሩ «ቴሶ» የሚባለው የመምህራን ትምህርት ሥርዓት ማሻሻያ ዕጩ መምህራን ትምህርት ቤት ገብተው የሚለማመዱበትን ፕራክቲከም አጠናከረ። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ «ፒጂዲቲ» (የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ) መጣ፤ ዕጩው በታሪክ ወይም በጂኦግራፊ ዲግሪውን ከያዘ በኋላ አንድ ዓመት የማስተማር ሙያ ይማራል። ይህ የትምህርት ዓይነቱን ዕውቀት ያጠነክራል። ጉድለቱ ይዘቱና የማስተማር ዘዴው ተለያይተው መቅረታቸው ነው፦ «የመማር ንድፈ ሐሳብ» የተማረው ዕጩ የ9ኛ ክፍልን የካርታ ምዕራፍ እንዴት እንደሚያስተምር በዝርዝር ያሳየው ሰው ላይኖር ይችላል። የዜግነት ትምህርት መምህራን ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። ከሕግ፣ ከፍልስፍና፣ ከፖለቲካ ሳይንስ የመጡ አሉ፤ ክፍለ ጊዜ ለመሙላት የተመደበ የታሪክ መምህርም ብርቅ አይደለም።

ሥራ ከተጀመረ በኋላ ያለው ሥልጠና በዋናነት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ወይም ተሙማ ነው። እያንዳንዱ መምህር በዓመት ቢያንስ 60 ሰዓት ይጠበቅበታል፣ ጀማሪ መምህር ደግሞ በአማካሪ እየታገዘ የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ያደርጋል። ከመስከረም እስከ ሰኔ ሲካፈል በወር 6 ሰዓት ይመጣል፤ ብዙ አይደለም። የሚበላሸው ርዕሱ ለመላው ትምህርት ቤት አንድ ሆኖ ሲመረጥ ነው። «የተማሪ ሥነ ሥርዓት» በሚል ርዕስ የሒሳብም የታሪክም መምህር ተመሳሳይ ፋይል ያዘጋጃል፣ ሰኔ ሲደርስም ፖርትፎሊዮው ከጓደኛ ይገለበጣል። የሚሻለው የሶሻል ዲፓርትመንቱ ለአንድ ሴሚስተር አንድ መሣሪያ ብቻ መርጦ መያዙ ነው። አንዱ መምህር ያስተምራል፣ ሁለቱ ከኋላ ተቀምጠው ያያሉ፣ በማግስቱ ተማሪዎቹ የሠሩት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል። ውይይቱ ከመምህሩ አቀራረብ ይልቅ በተማሪው ስሕተት ላይ ሲያርፍ የሚከፋ ሰው አይኖርም።

ከመሣሪያዎቹ ካርታን እናስቀድም። የቀድሞው የካርታ ሥራ ተቋም ያዘጋጃቸው፣ ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ያሉት ባለ 1፡50,000 ካርታዎች ለክፍል በጣም ይመቻሉ። በእነርሱ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር 1 ኪሎ ሜትር ነው፤ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት የኮንቱር መስመሮች የከፍታ ልዩነት 20 ሜትር ሲሆን በየ100 ሜትሩ ወፍራም መስመር አለ። ፎቶ ኮፒ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከኤ4 ወደ ኤ3 ሲጎላ 1፡50,000 የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ይቀራል፣ ካርታው ግን ወደ 1፡35,000 ገደማ ተለውጧል። ስለዚህ ተማሪው ርቀት መለካት ያለበት ከካርታው ጋር አብሮ በሚሰፋው ባለ መስመር ስኬል ነው። በጥቁርና ነጭ የታተመ ካርታም ወንዙንና መንገዱን ያምታታል፤ ከማባዛት በፊት ወንዞቹን በሰማያዊ እስክሪብቶ ከማድመቅ ይልቅ በነጠብጣብ መስመር መለየት ያዋጣል።

ኮንቱር የማይገባው ተማሪ በካርቶን ሲሠራው ይገባዋል። እያንዳንዱ መስመር በካርቦን ወረቀት 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ካርቶን ላይ ይገለበጣል፣ ይቆረጣል፣ ከታች ወደ ላይ ይደራረባል። በዚህ ስኬል 20 ሜትር ከፍታ ትክክለኛ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሁሉንም መስመር የቆረጠ ክፍል ከፍታውን አምስት እጥፍ አጋኗል። ወፍራሞቹን ብቻ የቆረጠ ልኩን ያገኛል፣ ግን 300 ሜትር ተራራ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ሆኖ ጠፍጣፋ ይመስላል። የተጋነነው ለዓይን ይሻላል፤ «ከፍታው 5 ጊዜ ተጋኗል» ተብሎ ከሥሩ ካልተጻፈ ግን ተማሪው በየቀኑ የሚወጣትን ጉብታ ገደል አድርጎ ይረዳታል። የቀጠነ የዱቄት ሙጫ ካርቶኑን ያጎብጠዋልና ክብደት ተጭኖበት ይደር።

የቀን ጉዳይ ቀላል ይመስላል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይሰፍራል፣ ተማሪው ቤቱ የሚሰማው ግን በኢትዮጵያ ነው። «ሰባት ወይም ስምንት ቀንስ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። የፋሺስት ጦር ወረራ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1935፣ የማይጨው ጦርነት እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1936 ነው፤ ሁለቱም በእኛ 1928 ዓ.ም. ውስጥ ናቸው፣ መስከረም 22 እና መጋቢት 22። ለሁለቱም ሰባት የቀነሰ ተማሪ ማይጨውን ወደ 1929 ይወስደዋል። የዓድዋም አለ፦ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ማርች 1 ነበር፣ ዛሬ በዓሉ የሚውለው ግን ማርች 2 ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1900 ጳጉሜን ስድስትን የመሰለ ተጨማሪ ቀን ስላልነበረው በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። ይህን ጥያቄ ተማሪ አንድ ቀን መጠየቁ አይቀርምና መልሱ ዝግጁ ይሁን።

ሰነድ ማንበብን ለማስተማር ከውጫሌ ውል አንቀጽ 17 የተሻለ የለም፤ አንድ ግሥ ላይ የቆመ ነው። የአማርኛው ቅጂ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ኢጣልያ በራሷ ቅጂ ግዴታ ነው አለች። በ40 ደቂቃ ውስጥ አስሩ ለንባብ፣ አሥራ አምስቱ ሁለት ሁለት ሆኖ ለመከራከር፣ የቀረው ለጋራ ውይይት ይበቃል። መምህሩ መጀመሪያ «ኢጣልያ አጭበረበረች» ካለ ትምህርቱ እዚያው አለቀ፤ ተማሪው ራሱ ፈልጎ የሚያገኘው ነገር አይቀርለትም። የኢጣልያንኛው ቅጂ በትርጉም ስለሚቀርብ፣ ተርጓሚውም ሌላ ምስክር መሆኑ ይነገር።

ቁጥርን በተመለከተ፣ የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ነው፤ ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተመዝግቧል። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያ ነውና በሰሌዳው ላይ «ቆጠራ» እና «ትንበያ» በሁለት ዓምድ ይጻፉ።

አዲስ አበባ ያለ ትምህርት ቤት አምስት ኪሎ የሚገኘውን ብሔራዊ ሙዚየምና በስድስት ኪሎ ግቢ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በእግር አንድ ቀን ያዳርሳል። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ጥያቄ ይበቃል፤ ሃያ ጥያቄ የተሰጠው ተማሪ ዕቃውን ትቶ መግለጫውን ይገለብጣል። ክፍለ ሀገር ያለው ደግሞ የአገር ሽማግሌ አለው። ተማሪው «ራስዎ ያዩት ነው ወይስ የሰሙት? ከማን?» ብሎ ይጠይቅ። የድምፅ ቅጂው የማስተማሪያ መርጃዎች በሚቀመጡበት የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል ሲቀመጥ የተናጋሪው ፈቃድ፣ ቀኑ፣ ቦታውና የጠያቂው ስም አብሮት ይታሰር፤ ይህ የሌለውን ድምፅ የሚመጣው ዓመት መምህር ሊጠቀምበት አይችልም።