«እኔ ሞክሬ አይቻለሁ»፦ ስለ ተፈጥሮ ግብርና ማስረጃ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ያለ ፋብሪካ ማዳበሪያና ያለ ኬሚካል ለማምረት የሚሞክር ሰው እየበዛ ነው፤ ደስ ይላል። ምክሩም አብሮ በዝቷል። ገበሬ በተሳሳተ ምክር የሚከስረው የዓመት ቀለቡን ነውና፣ የሰማነውን መመዘን አለብን።

«አመድ ነሰነስኩ፣ ተምቹ ጠፋ። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?»

የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ኢትዮጵያ ሲገባ ብዙ ሰው በቆሎው እምብርት ላይ አመድና አሸዋ ጨመረ። ቅጠሉ የተበሳሳው በቆሎ አዲስ ቅጠል አውጥቶ ቆመ። ነገር ግን ገና በለጋነቱ የተጎዳ በቆሎ ብዙ ጊዜ ራሱ ያገግማል። ከባድ ዝናብም ትንንሾቹን ትሎች ይገድላል። አመድ ያልነካው መደብ ጎን ለጎን ከሌለ፣ በቆሎው በምን እንደዳነ መለየት አይቻልም። አመዱ አይሠራም እያልኩ አይደለም። በዚህ ብቻ አይታወቅም ነው የምለው።

«ኮምፖስት ያገኘው የጓሮ ማሳዬ ዩሪያ ካገኘው በለጠ»

ጓሮ እኮ ለዓመታት ፍግ፣ አመድና የቤት ጥራጊ ሲደፋበት የኖረ መሬት ነው። ከሩቁ ማሳ ግን እህሉም ገለባውም ተጭኖ ይወጣል። እነዚህን ሁለት ማሳዎች ማወዳደር የጠገበን ከተራበ ጋር ማታገል ነው። ሳናውቀው ደግሞ ጥሩውን መሬት ለምንወደው ዘዴ እንሰጣለን። እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው ሮናልድ ፊሸር በ1920ዎቹ መደቦች በዕጣ እንዲደለደሉ ያደረገው ለዚህ ነው። ማንም ሰው በማሳው ሊያደርገው ይችላል፦ አንዱን ማሳ በመደብ ከፋፍሎ፣ የቱ ኮምፖስት የቱ ዩሪያ እንደሚያገኝ ዕጣ አውጥቶ፣ ዘሩንና የሚዘራበትን ቀን አንድ አድርጎ፣ ምርቱን ለየብቻ ወቅቶ መመዘን።

«ሳይንስ የተፈጥሮ ግብርናን ፈትኖ አያውቅም»

ፈትኗል። እዚያው ሮትሃምስቴድ ከ1843 ጀምሮ ፍግ የሚያገኝና የፋብሪካ ማዳበሪያ የሚያገኝ ስንዴ ጎን ለጎን ይዘራል። ስዊዘርላንድ ቴርቪል ላይ ደግሞ በ1978 የተጀመረ ሙከራ አለ። የ21 ዓመቱ ውጤት በ2002 ሲታተም የተፈጥሮ ግብርናው ምርት ከመደበኛው ግብርና በ20 በመቶ አንሶ፣ የማዳበሪያና የኃይል ፍጆታው ግን ከ34 እስከ 53 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ደጋፊው የመጀመሪያውን ቁጥር ይዘላል፣ ተቃዋሚው ሁለተኛውን። ሁለቱም ጥሩ አላደረጉም።

«ስለዚህ የእኔም ምርት በ20 በመቶ ይወርዳል»

ይህ የቴርቪል አማካይ ነው። እዚያ የተነጻጸረው ማዳበሪያ በደንብ ከሚያገኝ ማሳ ጋር ነው። ትግራይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 በተጀመረው ፕሮጀክት ኮምፖስት ያገኙ ማሳዎች ምንም ካልተጨመረባቸው እጅግ የበለጠ ምርት ሰጥተዋል። መረጃው የተሰበሰበው ከገበሬዎች ማሳ ስለሆነ ግን፣ የጓሮውን ጥያቄ ይዘን ማንበብ ይገባናል።

«የዓይን ምስክር ዋጋ የለውም»

ይሄም ስህተት ነው። ኬንያ ውስጥ ተመራማሪዎች አገዳ ቆርቁር የተባለውን ተባይ ለማባረር በበቆሎ መሃል ዴስሞዲየም የተባለ ተክል ሲዘሩ፣ ከበቆሎ ሥር ተጣብቆ የሚመጠው አረም፣ አቀንጭራም፣ አብሮ እንደቀነሰ አስተዋሉ። መጀመሪያ ያዩት ይህንን ብቻ ነበር። ከዚያ ጥላው ይሆን? ናይትሮጅኑ ይሆን? ብለው እያንዳንዱን ለይተው ፈተሹ። ዋናው ምክንያት ከዴስሞዲየም ሥር የሚወጡ ንጥረ ነገሮች ሆነው ተገኙ። አንዱ የአቀንጭራን ዘር ያበቅለዋል፣ ሌላው ከበቆሎው ሥር እንዳይጣበቅ ያግደዋል፤ ዘሩም በቅሎ ይሞታል።