«ነዳጅ ስጪው!» እና ሌሎች የጎን ወንበር ምክሮች

መኪና መንዳት አስተምራለሁ። ተማሪ አያማርረኝም። የሚያማርረኝ የተማሪ አጎት ነው። እሁድ ጠዋት ልጅቷን «ነይ ላለማምድሽ» ብሎ ይወስዳታል። ሰኞ እኔ ጋ ስትመጣ እግሯ የሌላ ሰው እግር ሆኖ ይመጣል። ስሙ ይለያያል እንጂ አጎቱ አንድ ነው፤ ምክሩም አንድ ነው። እስቲ ዛሬ ይውጣልኝ።

«ነዳጅ ካልሰጠሽው ይጠፋል»

ፀጉሬን ያሸበተው ይሄኛው ነው። መኪናው ገና ሳይነቃነቅ ሞተሩ ይጮሃል፣ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ከዚያ ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀው የግራ እግር መርገጫ፣ ባንዴ ይለቀቅና መኪናው እንደ ፍየል ይዘላል።

አጎት የሚለው በሱ ዘመን እውነት ነበር። ላዳውም፣ ቮልሱም፣ ፊያት 600ውም ቤንዚንና አየር ያለ ኮምፒውተር በሚቀላቅል ካርቡራተር ነበር የሚሰሩት። ሚኒሞው፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ አንዴ በካቻቢቴ ከተስተካከለ በኋላ የሚከታተለው የለም። ጭነት ሲመጣበት ያቃስታል፣ ይንተፋተፋል፣ ይጠፋል። ሞተሩን በሕይወት የሚያቆየው የሹፌሩ ቀኝ እግር ነበር።

ዛሬ የምንነዳው ያሪስ፣ አልቶ ወይም ዲዛየር ግን ቤንዚን የሚረጨው በኮምፒውተር ትእዛዝ ነው። ፍሪሲዮኑ መያዝ ሲጀምርና ዙሩ ሊወርድ ሲል ኮምፒውተሩ ያውቃል፤ አየሩንም ቤንዚኑንም ራሱ ይጨምራል። አጎት በእግሩ ይሠራው የነበረውን ሥራ መኪናው ተረክቦታል። አጎት ግን ሥራውን አላስረከበም።

ያላመነ ሜዳ ላይ ይሞክረው። አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ የእጅ ፍሬን አውርዱ። ቀኝ እግራችሁ ፍሬኑ አጠገብ ይጠብቅ፤ ነዳጅ መስጫውን አይንካ። የግራ እግራችሁን ተረከዝ ወለሉ ላይ አሳርፉና ፍሪሲዮኑን ቀስ እያላችሁ ልቀቁት። መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ይላል፣ መሪው እጃችሁ ውስጥ በስሱ ይንቀጠቀጣል። እዚያ ጋ ቁሙ! እግራችሁ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳይል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ታገሱት። መኪናው ራሱ መሄድ ይጀምራል። ቀሪውን ያኔ ትለቁታላችሁ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እነዚያ ሁለት ሦስት ሰከንዶች ላይ ነው። «ያዘ!» ሲል ደስ ይለውና ይለቀዋል። ውስጥ ያለውን ቢያውቅ ግን ይታገሥ ነበር። ሞተሩ ላይ የታሰረው ክብ ብረት፣ ቮላኖው፣ ከሞተሩ ጋር ይዞራል፤ የፍሪሲዮኑ ዲስክ ደግሞ ከጎማው ጋር ቆሟል። የሚዞረውና የቆመው እኩል እስኪሄዱ ድረስ መፋተጋቸው የግድ ነው። ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ከሆነ የሚታረቁት ቶሎ ነው። አጎት እንዳለው በደቂቃ 3,000 ዙር ላይ አስጩሃችሁ ከጀመራችሁ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ፍትጊያው ሙቀት ይሆናል። ያ የተቃጠለ ሽታ ዲስካችሁ ነው። እሱን ለመቀየር ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ይወርዳል፣ ካምቢዮ ሲወርድ ምን እንደሚከፈል የከፈለ ያውቀዋል።

አንድ ቀን አንዱ አጎት ኋላ ወንበር ተቀመጡ። ልጅቷ በነዳጅ መስጫው ላይ እግሯን ባላሳረፈች ቁጥር «ስጪው! ስጪው እንጂ!» ይላሉ። አቆምኩና «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ያሳዩን» አልኳቸው። መሪ ያዙ። «ያለ ነዳጅ» አልኩ። ሳቁብኝ። ከዚያ ሞከሩት፤ መኪናው እንደ ቅቤ ሄደ ማለት አልችልም፣ ግን ሄደ። ዞር ብለው አዩኝ። «ምን አስገጥመህበት ነው?» አሉ። «ፋብሪካው ነው ያስገጠመው፣ ጋሼ።» ልጅቷ እየሳቀች ወደ መስኮቱ ዞረች።

ዳገት ላይ ነገሩ ይለያል፤ ይሄን አልክድም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ጉልበት ሩብ ያህሉን እዚህ ያጣል። 1,000 ሲሲ የሆነች ትንሽ መኪና አራት ሰው ጭና ሽሮ ሜዳን ስትወጣ ነዳጅ ትፈልጋለች። ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ይያዝ፣ ከዚያ ይሰጠው።

«የእጅ ፍሬን የጀማሪ ነው»

ቸርችል ጎዳና ላይ ወደ ፒያሳ ስትወጡ መብራት ያዛችሁ እንበል። ከጎናችሁ ያለው ጎበዝ መኪናውን በፍሪሲዮን ብቻ ዳገቱ ላይ አንጠልጥሎ ይይዘዋል። ወደ ፊት ሸርተት፣ ወደ ኋላ ሸርተት። እሱ ችሎታ ይመስለዋል፤ እኔ የሚታየኝ የሚበላ ዲስክ ነው። የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ፍሪሲዮኑ ሲይዝ የመኪናው አፍንጫ ቀና ይላል፣ ያኔ ልቀቁት። ማንም አያፍርባችሁም። ቢያፍርም አረንጓዴ ሲበራ ትለያያላችሁ።

«ቁልቁለት ላይ ዜሮ አድርገው፣ ነዳጅ ትቆጥባለህ»

ዜሮ ማለት ማርሹን ማውጣት ነው። ይሄም የካርቡራተር ዘመን ቅሪት ነው። የአሁኑ መኪና ማርሽ ላይ ሆኖ ቁልቁለት ሲወርድ፣ እግራችሁን ከነዳጅ ካነሳችሁ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ይዘጋዋል። ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ዜሮ ካደረጋችሁት ግን ሞተሩ ላለመጥፋት መጠጣት አለበት። ስለዚህ ያባክናል እንጂ አይቆጥብም።

ብክነቱ ይቅር። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው የምትወርዱት። ዜሮ ላይ ያለ መኪና ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው። ፍሬን ከጋለ አይዝም። በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ፤ ሞተሩ ይጎትትላችሁ።

«ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮን ሁለቴ ይረገጣል»

ለድሮ ከባድ መኪና፣ አዎ። የፊያት 600 አንደኛ ማርሽም እየሄደ በእሺታ አይገባም ነበር። ያሪስ ላይ ሁለቴ መርገጥ ግራ እግርን ማድከም ብቻ ነው።

«ጠዋት ሩብ ሰዓት መሞቅ አለበት»

አያስፈልገውም። አስነሱት፣ ቀበቷችሁን እሰሩ፣ በቀስታ ሂዱ።

«የሴት እግር ለፍሪሲዮን አይሆንም»

መልስ አልሰጥበትም።

«የድሮ ዕቃ አይበላሽም ነበር»

አጎት የፍሪሲዮን ክርክር ሲሸነፍ የሚሸሸው ወደዚህ ነው። «የአሁኑ ሁሉ ኮምፒውተር ነው፣ የማይረባ። የኛ ፊሊፕስ ሬዲዮ ስንት ዓመት አገለገለ!»

አይበላሽም ከነበረ በየሰፈሩ የነበረው ሬዲዮ ጠጋኝ ምን ይበላ ነበር? መደርደሪያው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች ተደርድረው፣ የሚጤስ ብየዳ በእጁ ይዞ፣ «ሐሙስ ና» የሚለው ሰውዬ? የተበላሹት ተጥለዋል። አጎት የሚያየው ቡፌ ላይ የቀረውን አንዱን ነው።

ሌላው የሚረሳው የኛን ድካም ነው። አንቴናውን አዙሮ የሚይዝ ልጅ ነበር። ቴፑ ካሴት ሲበላ ክሩን እየመዘዝን፣ በቢክ እስክሪብቶ እየጠቀለልን እንመልስ ነበር። ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ ሲሞቅ ጥቂት ነፍስ ይዘራል፣ ወዲያው ይሞታል። ዕቃው የጎደለውን እኛ ነበርን የምንሞላለት። ለዚህ ነው የምንወደው፤ ቅር አይለኝም፣ እኔም እወደዋለሁ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ በዝቷል፤ እሱ ደግሞ ጭራሽ ፍሪሲዮን የለውም። የዛሬ ተማሪዎቼ አክስትና አጎት ሲሆኑ ስለ ፍሪሲዮን የሚያወሩትን ከወዲሁ እሰማዋለሁ።

አንድ ነገር ግን ለአጎት እሰጠዋለሁ። የድሮው ሬዲዮ በብሎን ነው የተዘጋው። ይፈታል፣ የተቆረጠችው ሽቦ በዓይን ትታያለች፣ ትበየዳለች። ቡፌው ላይ ያለውን ማቆየት የምትፈልጉ ካላችሁ ታዲያ ዛሬውኑ ከኋላ ክፈቱትና ድንጋዮቹን አውጡ። ሬዲዮን የሚገድለው ድንጋዩን ውስጡ ረስቶ መተው ነው፤ ያፈሳል፣ የሚነካቸውን ሽቦዎች ይበላል። ዝጎ ከሆነ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጉት። ጣቢያ መያዣውንና ድምፅ መጨመሪያውን ደግሞ ሳትከፍቱት ወዲያና ወዲህ ደጋግማችሁ አዙሯቸው፤ የሚንኮሻኮሸው አቧራ ነው።